ፍተሻው እኔ ዘንድ ያልፋል፣ ሌላው ዘንድ አይነሳም፦ ስለ ባሽ፣ ፐርልና ፓይተን ጥገኝነት

ጥያቄው፦ «የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይርና ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ አነስተኛ የሲ ላይብረሪ ጽፌአለሁ። ፍተሻዎቹ በየጊዜው የተጠራቀሙ ስለሆኑ ገሚሶቹ በባሽ የሼል ስክሪፕት፣ ገሚሶቹ በፐርል፣ አዲሶቹ ደግሞ በፓይተንና ፓይቴስት በተባለው የፍተሻ መሣሪያ የተጻፉ ናቸው። በእኔ ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ሁሉም ያልፋሉ። አልፓይን በተባለው አነስተኛ ሊኑክስ ላይ ግን አንዱም አይነሳም፤ ማክ ላይ ገሚሱ ይወድቃል፤ ዴቢያን ለተባለው ሌላ ሊኑክስ ፓኬጅ ሊያዘጋጅ የሞከረ ሰው ደግሞ ‹ፍተሻው ኢንተርኔት ይፈልጋል› ብሎ መለሰልኝ። ፓይተን የትም ስላለ ሁሉንም ወደ ፓይተን ልገልብጥ? ወይስ በዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በታሸገበት ዝግ አካባቢ) ውስጥ ላስኪዳቸው?»

ሁለቱንም አያድርጉ። የመጀመሪያው ሦስት ጥገኝነቶችን በአንድ ይተካልዎታል እንጂ አያስወግድልዎትም፤ ሁለተኛው ደግሞ ችግሩን ከዓይንዎ ይሰውረዋል። ላይብረሪዎ ለመገንባት የሚጠይቀው የሲ ኮምፓይለርና ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ዋና ዋናዎቹ ፍተሻዎችም ከዚያ በላይ መጠየቅ የለባቸውም። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ፍተሻ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ነገር አስቀድሞ መነገር፣ መኖሩም በተግባር መረጋገጥ፣ ባይኖር ደግሞ ፍተሻው መዘለሉ በግልጽ መታየት አለበት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

«ፓይተን የትም አለ» ከሚለው እንጀምር። አባባሉ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ እውነት ነው፤ ላይብረሪው በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። አፕል ከማክኦኤስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረውን ፓይተን 2.7 በ2022 በወጣው 12.3 እትም አስወግዶታል። ፓይተን3 የሚለው ትእዛዝ በማክ ላይ ስሙ ቢገኝም የኤክስኮድ መሣሪያዎች ካልተጫኑ በስተቀር የሚሠራው ነገር ቢኖር «ልጫን ወይ?» የሚል መስኮት መክፈት ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ ፓይተን ሳይጫን ትእዛዙን ቢጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ይከፈትልዎታል። የአልፓይን መነሻ ምስል ፓይተንም ፐርልም ባሽም የለውም። ፍሪቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዘር ሲስተም ከ5.0 እትሙ ጀምሮ ፐርልን ከመሠረታዊ ሲስተሙ አውጥቶ እንደማንኛውም ተጨማሪ ፓኬጅ የሚጫን አድርጎታል። ዴቢያን ላይ ፐርል ሁልጊዜ ያለ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ያለው ግን ፐርል ቤዝ የሚባለው የተቆራረጠ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኞቹ የፐርል ፍተሻዎች የሚደገፉበት ቴስት ሞር የተባለው ሞጁል እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ኢንተርፕሪተሩ (ስክሪፕቱን አንብቦ የሚያስኬደው ፕሮግራም) አለ?» እና «ፍተሻዬ የሚፈልገው ሁሉ አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የፍተሻ ስብስቦች ደግሞ የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቢኖርስ የትኛው እትም ነው? ሬድሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ይዞት የመጣው ፓይተን 3.6 ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለው 3.12 ነው። የሁለቱ ልዩነት በወዲያኛውም በወዲህኛውም በኩል ያስቸግራል። ማች የሚለውን አገላለጽ የተጠቀመ ፍተሻ ከ3.10 በታች ባለ ፓይተን አይነበብም፤ ዲስትዩቲልስን ወይም ኢምፕን የጠራ ፍተሻ ደግሞ 3.12 ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም ሞጁሎች ከዚያ እትም ጀምሮ የሉምና። ፐርል በዚህ ረገድ ታጋሽ ቢባልም የራሱ ታሪክ አለው። በ2013 የወጣው 5.18 የሃሽ (ዋጋዎችን በቁልፍ የሚይዝ መዝገብ) ቁልፎችን ቅደም ተከተል በየሩጫው እንዲለያይ ስላደረገ፣ ሳያስቡት በቅደም ተከተሉ ላይ የተመሠረቱ ፍተሻዎች አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁ ሆኑ። በ2017 የወጣው 5.26 ደግሞ አሁን ያሉበትን ማውጫ ከሞጁል መፈለጊያ ዝርዝሩ ስላወጣ፣ አጠገባቸው ያለን ረዳት ፋይል በስሙ ብቻ የሚጠሩ ፍተሻዎች በአንድ ጊዜ ተሰበሩ። በሁለቱም ጊዜ ይፈተኑ የነበሩት ላይብረሪዎች ምንም አልሆኑም ነበር። የፍተሻ ቋንቋ ጥገኝነት ዋነኛው ጉዳት ይህ ነው፦ የላይብረሪው ኮድ ሳይነካ ፍተሻው ይወድቃል፣ ጠጋኙም ያልተበላሸውን ሲመረምር ይውላል።

አልፓይን ላይ አንድም ፍተሻ የማይነሳው ምናልባት በፐርልም በፓይተንም ምክንያት አይደለም። ሁሉንም የሚያስነሳው ስክሪፕት የመጀመሪያ መስመሩ ወደ ባሽ የሚያመለክት ከሆነ እዚያው ያበቃል። ብዙዎች ይህን «በኤንቭ በኩል ጥራው» ብለው ይመክራሉ፤ ኤንቭ ፕሮግራምን በስሙ ፈልጎ የሚያስነሳ ትእዛዝ ነው። ምክሩ ፍሪቢኤስዲን ይጠቅማል፤ እዚያ ባሽ ሲጫን የሚቀመጠው በሌላ ማውጫ ስለሆነ ኤንቭ ፈልጎ ያገኘዋል። ያልተጫነን ባሽ ግን ኤንቭም አያገኘውም። ማክ ላይ ያለው ባሽ ደግሞ 3.2 ነው፤ እትሙ የ2006 ሲሆን፣ በ4.0 የመጡትን በስም የሚጠሩ ድርድሮች አያውቅም። እርስዎ ኡቡንቱ ላይ በባሽ 5 የጻፉት ማክ ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ የተሰወረ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የሼል ስክሪፕት የሚመካው በሼሉ ብቻ ሳይሆን በሚጠራቸው ትንንሽ ትእዛዛትም ጭምር ነው፤ እነዚህም ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው በየሲስተሙ ይለያያል። ሴድ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፋይልን እዚያው እንዲያርም የሚደረግበት አማራጭ በሊኑክስና በማክ በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ ግሬፕ የተባለው የጽሑፍ መፈለጊያ በፐርል ሥርዓት እንዲፈልግ የሚያደርገው አማራጭ ማክ ላይ የለም። የእርስዎ ላይብረሪ ሞክሼ ፊደላትን የሚያስተካክል በመሆኑ ደግሞ አንድ ልዩ ወጥመድ አለብዎት፤ እሱም አንድን ምልክት በሌላ የሚተካው ቲአር የሚባለው ትእዛዝ ነው። የሚጠበቀውን ውጤት ለማዘጋጀት በቲአር «ሠ»ን ወደ «ሰ» መቀየር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የጂኤንዩ ቲአር፣ የአልፓይኑም የቢዚቦክስ (ትንንሽ ትእዛዛትን በአንድ ፕሮግራም የያዘ ስብስብ) ቲአር፣ ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው የሚቀይረው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደላት አወካከል ሦስት ባይት ይይዛል። የ«ሠ» እና የ«ሰ» የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በሦስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በተግባር የሚሠራው ያንን ሦስተኛ ባይት በጽሑፉ ውስጥ በተገኘበት ሁሉ መቀየር ነው። «ሠላም» የሚለው ቃል በትክክል «ሰላም» ይሆናል፤ ፍተሻውም ያልፋል። ያው ባይት ግን የ«አ» እና የ«በ» መጨረሻም ነው። በዚያው ትእዛዝ «አበበ» ብለው ቢያስገቡ የሚወጣልዎት «ኰተተ» ነው። ማክ ላይ የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ 8 ከሆነ ቲአር ፊደልን በፊደልነቱ ስለሚያይ «አበበ» እንዳለ ይወጣል። የቋንቋ ቅንብሩን «ሲ» ወደሚባለው መነሻ ቅንብር ካዞሩት ደግሞ ማክም ወደ ባይት ይመለሳል። እንግዲህ ኡቡንቱ ላይ የሚጠበቅ ውጤት ተብሎ የተቀመጠው ፋይል በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ማክ ላይ የወደቀው ፍተሻ ትክክለኛው፣ ኡቡንቱ ላይ ያለፈው ደግሞ ስሕተተኛው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

የዘመን መቁጠሪያው በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዴት የሚባለው ትእዛዝ የተሰጠውን ቀን አንብቦ እንዲያሰላ የሚያደርገው አማራጭ የጂኤንዩ ነው፤ ማክና ፍሪቢኤስዲ ይህን የሚያደርጉት በሌላ አማራጭ ሲሆን፣ የቢዚቦክሱ ደግሞ የሚቀበለው የቀን አጻጻፍ ውሱን ነው። ከዚህም በላይ ጊዜን በ32 ቢት በሚቆጥር ሲስተም ላይ ከጥር 2038 በጎርጎርዮሳዊው ወዲያ ያለ ቀን ጨርሶ አይሰላም። ዴትን እንደ ዳኛ አቁሞ ላይብረሪን መፈተን ማለት የዳኛውን ጉድለት ሁሉ በላይብረሪው ላይ ማስቆጠር ነው።

ፓኬጅ የሚያዘጋጀው ሰው «ኢንተርኔት ይፈልጋል» ማለቱ ትክክል ነው፤ ቅሬታውን እንደ ጥቃቅን ነገር አይዩት። ስክሪፕትዎ ሲነሳ የፓይተን ፓኬጆችን በሚያወርደው ፒፕ ፓይቴስትን አውርዶ ይጭናል ማለት ነው። ዴቢያን ፓኬጅ በሚገነባበት ጊዜ ከኔትወርክ ማውረድን ይከለክላል፤ ኒክስ የተባለው የፓኬጅ ሥርዓትም ግንባታውን ኔትወርክ በሌለበት ዝግ አካባቢ ነው የሚያካሂደው። ክልከላው ዛሬ የተገነባው ነገም እንዲሁ እንዲገነባ፣ ማንም በመሀል ገብቶ የወረደውን ነገር እንዳይለውጥ ለማድረግ ነው። በተጨማሪም ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ላይ እንዲጭን ሲጠየቅ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። ይህን ማገጃ የሚያልፍ አማራጭ አለ፤ በፍተሻ ስክሪፕት ውስጥ በፍጹም አያስገቡት። የሌላ ሰው ሲስተም የሚደገፍበትን ፓይተን ያለፈቃዱ መለወጥ ከፍተሻ ሥልጣን ውጭ ነው። ራሱን የቻለ የፓይተን አካባቢ መፍጠር ይህን ያስቀራል፤ የማውረዱን ችግር ግን አያስቀርም። አልፓይን ላይ ደግሞ የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ መስል የተባለው ስለሆነ፣ ለተለመደው ሊኑክስ የተገነቡ የፓይተን ፓኬጆች እዚያ አይሠሩም፤ ለመስል ተብሎ የተገነባ ከሌለ ፒፕ ከምንጩ ሊገነባው ይነሳል፣ ለዚያም ሌላ ኮምፓይለር፣ ሌላ ራስጌ ፋይል መጠየቅ ይጀምራል።

ኮንቴይነሩ እዚህ ላይ ያጓጓል። በውስጡ ሁሉም ነገር በተወሰነ እትም ስለሚቀመጥ ፍተሻው ሁልጊዜ ያልፋል። ግን የሚያልፈው በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ብቻ ነው። ሰዎች ላይብረሪዎን በማክ፣ በፍሪቢኤስዲ፣ በቤት ራውተር ላይ ይገነቡታል፤ ማወቅ የሚፈልጉትም በእነሱ ማሽን ላይ በትክክል መሥራቱን ነው። ኮንቴይነር ለእርስዎ የዕለት ሥራ ምቹ መሣሪያ ነው፤ የተለያዩ ሊኑክሶችን በአንድ ማሽን ላይ ለመሞከርም እጅግ ይጠቅማል። ለተጠቃሚ የሚሰጥ ብቸኛ የፍተሻ መንገድ ሲሆን ግን ፍተሻውን ከዓላማው ይለየዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስክሪፕቶቹ በአሁኑ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን እየሠሩ ነው፤ ችግሩ የከበደውም ሦስቱ ስለተደባለቁ ነው። አንደኛው ፍተሻዎቹን ተራ በተራ ማስነሳትና ውጤታቸውን መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ላይብረሪውን ጠርቶ መልሱን ማወዳደር ነው። ሦስተኛው ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ ማስላት ነው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ የለም፤ ትልቁን እፎይታ የሚያገኙት ግን ከሦስተኛው ነው።

ትክክለኛውን መልስ የሚያሰላው ስክሪፕት ፍተሻው በሚካሄድበት ማሽን ላይ መኖር አያስፈልገውም። በእርስዎ ማሽን ላይ በፓይተን አስልተው ውጤቱን በሠንጠረዥ መልክ ያስቀምጡትና ሠንጠረዡን ከምንጭ ኮዱ ጋር ያሰራጩት። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2000 በጎርጎርዮሳዊው መስከረም 12 ቀን 2007 ነው የሚል አንድ ረድፍ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ከዚያ በፊት ያለው ቀን ነው የሚል ሌላ ረድፍ፣ 2100 በጎርጎርዮሳዊው ሠግር ዓመት ስላልሆነ መስከረም 1 ቀን 2093 መስከረም 12 ላይ ይውላል የሚል ሌላ ረድፍ ይኖራል። እነዚህ ረድፎች አይለወጡም፤ በየማሽኑ እንደገና ማስላትም ትርጉም የለውም። አስሊው ስክሪፕት በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ፣ በምን ትእዛዝ እንደሚነሳም ይጻፍ፤ የፍተሻው አካል ግን አይሁን። የሞክሼ ፊደላቱም ሠንጠረዥ እንዲሁ ነው፤ የግብዓቱንና የውጤቱን ባይቶች በግልጽ ይጻፏቸው፣ ከላይ ያነሳሁት «አበበ» የሚለው ቃልም ከረድፎቹ አንዱ ይሁን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሠንጠረዡን ራሱ ላይብረሪው ባወጣው ውጤት አይሙሉት። እንዲህ ያለው ፍተሻ የሚያረጋግጠው ላይብረሪው ከትናንቱ አለመለወጡን እንጂ ትክክል መሆኑን አይደለም።

ላይብረሪውን ጠርቶ የማወዳደሩ ሥራ ወደ ሲ ይሂድ። ሠንጠረዡን የሚያነብ፣ ወይም ከነጭራሹ በውስጡ የያዘ፣ አንድ የሲ ፕሮግራም ላይብረሪው በተገነባበት ኮምፓይለር ይገነባል፤ ላይብረሪው በሚሠራበት ሁሉም ይሠራል። በዚህ የተጓዙ ትልልቅ ሥራዎች አሉ። የኤስኪውላይት ዳታቤዝ የቀድሞ ፍተሻዎች የተጻፉት ቲክል በተባለ የስክሪፕት ቋንቋ ነው፤ ቲክል በማይደርስባቸው ጥቃቅን መሣሪያዎች ላይ ለመፈተን ግን ቲኤችስሪ የሚባለውን ስብስብ በሲ ጽፈዋል። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዋነኛ የፍተሻ አስነሺ ቀድሞ የሼል ስክሪፕት ነበር፤ አሁን የሲ ፕሮግራም ነው፤ ፐርል የሚጠይቁት ፍተሻዎች ደግሞ ተጠቃሚው በግንባታ ጊዜ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚካሄዱት። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ፍተሻዎቹን በሼል ቢጽፍም፣ ሼሉ በየሲስተሙ በተለያየ መንገድ የሚሠራቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ የፋይል ሰዓት መቀየርን፣ በሲ በተጻፈ አንድ የረዳት ፕሮግራም ያሠራቸዋል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ከፕሮግራሙ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚገኘው መሣሪያ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ብቻ ነውና።

የማስነሳቱ ሥራ በፖዚክስ (በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መስፈርት) ሼል ይሁን። ባሽ ሳይሆን፣ ዳሽና የቢዚቦክስ ሼል የሚቀበሉት ጠባብ ቋንቋ ማለቴ ነው። ድርድር የለ፣ ድርብ ቅንፍ የለ፤ አስነሺው ይህን ያህል አጭር ካልሆነ ሥራው በዝቶበታል ማለት ነው። ውጤቱን በታፕ አጻጻፍ ቢያወጡት እመርጣለሁ። ታፕ ከፐርል ዓለም የመጣ ቢሆንም ፐርል አይጠይቅም፤ ስንት ፍተሻ እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር፣ ከዚያም እያንዳንዱ ማለፉን ወይም መውደቁን የሚናገር መስመር ነው፤ ማንኛውም የሲ ፕሮግራም ሊያትመው ይችላል። አውቶሜክና ሜሰን የተባሉት የግንባታ መሣሪያዎችም ያነቡታል።

እውነተኛ ምክንያት ኖሯቸው በፓይተን የሚቀሩ ፍተሻዎች ይኖራሉ። ላይብረሪዎ ከፓይተን የሚጠራበት በር ካለው፣ ያንን በር ያለ ፓይተን መፈተን አይቻልም። እንዲህ ያሉትን ለብቻ ማውጫ ያስቀምጧቸው፣ ዝቅተኛውን እትም በጽሑፍ ይወስኑ፣ ከፓይተን ጋር አብሮ ከሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ ውጭ ምንም አይጥሩ። ዩኒትቴስት የተባለው የፍተሻ ሞጁል እዚያው አለ፤ ፓይቴስት ከሚሰጥዎት ምቾት ገሚሱን ያጣሉ፣ በምትኩ የሚወርድ ነገር አይኖርም። ፐርሉን ግን እንዲያስወግዱት አጥብቄ እመክራለሁ። ፐርል መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ዛሬም ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። ነገር ግን አነስተኛ ላይብረሪ ሁለት የስክሪፕት ቋንቋ ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት የለውም።

የፓይተኑን መኖር የሚያረጋግጠው ክፍል ስሙን ፈልጎ ማግኘት አይበቃውም፤ ከላይ እንዳልኩት በማክና በዊንዶውስ ስሙ ተገኝቶ ፓይተኑ ላይኖር ይችላል። አነስተኛ ፕሮግራም ይሰጠው፦ እትሙን ያረጋግጥ፣ የሚያስፈልጉትን ሞጁሎች ይጥራ፣ አንድ የታወቀ ቃል ያትም። ያ ቃል ከወጣ ፓይተን አለ፤ ካልወጣ የለም። የትኛውን ፓይተን እንደሚጠቀሙ ተጠቃሚው በአካባቢ ተለዋዋጭ (ከፕሮግራሙ ውጭ በስም በሚቀመጥ ዋጋ) እንዲነግርዎ ይፍቀዱለት፤ ያም የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን፤ ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ፓይተን አላቸው። ሲነሳም ከተጠቃሚው ቅንብር ተለይቶ ይነሳ፤ ፓይተን ለዚህ የተዘጋጀ አማራጭ አለው፣ ፓይተንፓዝ የሚባለውን ተለዋዋጭም የተጠቃሚውን የግል ፓኬጆችም ችላ ይላል። የፋይል ኢንኮዲንጉን ደግሞ በየመክፈቻው ዩቲኤፍ 8 ብለው ይግለጹ። ይህን ካላደረጉ ዊንዶውስ ላይ የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት የፍተሻ ፋይል በምዕራብ አውሮፓ ኮድ ገጽ ሊነበብ ይችላል፤ የሚወጣውም የማይነበብ ዝብርቅ ነው።

ፓይተን ባይገኝ ፍተሻው በ77 የመውጫ ቁጥር (ፕሮግራም ሲያበቃ ለጠራው በሚመልሰው ቁጥር) ይውጣ። አውቶሜክና ሜሰን 77ን «ተዘሏል» ብለው፣ 99ን ደግሞ «ፍተሻው ራሱ መካሄድ አልቻለም» ብለው ይረዱታል፤ ሲሜክ የተባለው ሌላ የግንባታ መሣሪያ ግን የመዝለያ ቁጥሩን እርስዎ እንዲነግሩት ይፈልጋል። በዜሮ አይውጡ። ዜሮ ማለት አልፏል ማለት ነው፤ ያልተካሄደ ፍተሻ አልፏል ሲባል ማንም አያየውም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አደጋ አለ፦ መዝለል አንዴ ከተፈቀደ በኋላ ሁሉም ነገር ቀስ በቀስ ሊዘለል ይችላል። ኮድ በተቀየረ ቁጥር ፍተሻዎችን በራሱ የሚያስኬደው የኮንቲኒየስ ኢንተግሬሽን ማሽንዎ ምስሉ ሲታደስ ፓይተን ቢጠፋበት፣ የፓይተኑ ፍተሻዎች ሁሉ ይዘለላሉ፣ ውጤቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ለወራትም ማንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተለዋዋጭ ያብጁ፤ እሱ ሲበራ የተዘለለ ሁሉ እንደወደቀ ይቆጠር። ጊት ለዚሁ ጉዳይ የግድ መኖር ያለባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች የሚዘረዝር ተለዋዋጭ አለው። በእርስዎ ማሽኖች ላይ ይብራ፣ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ይጥፋ።

ኢንተርፕሪተሩን ከነምንጭ ኮዱ በማኅደርዎ ውስጥ ማስቀመጥም የሚቻል ነገር ነው። የሉዋ ቋንቋ ኢንተርፕሪተር ወደ 30 ሺህ መስመር የሚሆን ሲ ነው፣ በማንኛውም የሲ ኮምፓይለር ይገነባል። አውቶሴትአፕ የተባለው የግንባታ መሣሪያም ቲክል ባልተገኘ ጊዜ የሚገነባውን አነስተኛ የቲክል ኢንተርፕሪተር ይዞ ነው የሚዞረው። ፍተሻዎ ረጅም ሎጂክ ያለው ቢሆን ኖሮ ይህን እመክር ነበር። ለቀን ስሌትና ለፊደል ማስተካከያ ግን ሠንጠረዥና ትንሽ ሲ ይበቃሉ፤ የሌላ ሰው ኢንተርፕሪተር የደኅንነት እርማት መከታተል በራስዎ ላይ አይጫኑ።

ሥራውን ሲጀምሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይገልብጡ። መጀመሪያ ምን እንደሚጠሩ በትክክል ይወቁ፦ ባዶ ማውጫ ይፍጠሩ፣ የፈቀዷቸውን ትእዛዛት ብቻ ወደዚያ በአገናኝ ያስገቡ፣ ትእዛዛት የሚፈለጉባቸውን ማውጫዎች የሚዘረዝረውን ፓዝ የተባለ ተለዋዋጭ ወደዚያ ማውጫ ብቻ አዙረው ስብስቡን ያስነሱት። በእያንዳንዱ «ትእዛዙ አልተገኘም» ላይ ቆመው ይህ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብለው ይወስኑ። ዝርዝሩ ከገመቱት እንደሚረዝም አልጠራጠርም። ከዚያ የመልስ ሠንጠረዦቹን ያውጡ፣ ከዚያ የፐርሉን ፍተሻዎች ወደ ሲ ያዙሩ፣ የፓይተኖቹን መጨረሻ ላይ ይንኩ። አንድን ፍተሻ ወደ ሲ ሲያዞሩ አሮጌው ገና ሳይሰረዝ ላይብረሪውን ሆን ብለው ያበላሹትና ሁለቱም መውደቃቸውን ይዩ፤ አዲሱ የማይወድቅ ከሆነ ምንም እየፈተነ አይደለም።

በዚህ መንገድ የማይፈቱ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ዊንዶውስ ላይ ፖዚክስ ሼል አብሮ አይመጣም፤ አስነሺው ስክሪፕት እዚያ አይሠራም። የሲው የፍተሻ ፕሮግራም ግን በሲሜክ በኩል ወይም በቀጥታ በስሙ ሊነሳ ይችላልና፣ ሼሉ የሚያደርገው ነገር ባነሰ መጠን ዊንዶውስ ላይ የሚጎድልብዎ ያንሳል። ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር በሚገነቡበት ጊዜ ደግሞ የተገነባው ፕሮግራም በተገነባበት ማሽን ላይ አይነሳም፤ ፕሮግራሙን ወደ መሣሪያው ወስዶ ማስነሳት ወይም በኢሙሌተር ማስኬድ ያስፈልጋል። ለዚህም ሠንጠረዡን በውስጡ የያዘ አንድ ፋይል ብቻ መሆኑ ይረዳል፤ ራውተሩ ላይ ገልብጠው ያስነሱታል፣ የሚጠይቀውም ሌላ ነገር የለም። ለዴቢያኑ ባለሙያ ደግሞ አሁኑኑ መልስ መስጠት ይችላሉ፦ የፒፑን መስመር ከስክሪፕቱ ያውጡ፣ ፓይቴስት ከሌለ እነዚያ ፍተሻዎች በ77 ይውጡ፣ በግንባታ መመሪያው ላይም ለሙሉው ፍተሻ ፓይተን 3ና ፓይቴስት እንደሚያስፈልጉ ይጻፉ። እሱ ከራሱ ማኅደር ፓይቴስትን የግንባታ ጥገኝነት አድርጎ ያስገባዋል፤ እርስዎም ቀሪውን በሰከነ ጊዜ ይሠሩታል።